ሁሉም የተገኙበት ስብሰባ

ሊዲያ ችግኞች የሚያድጉበትን የጥላ ቤት በር ከፍታ ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው መሬቱ ላይ ነው። እርጥቡ አፈር ላይ ስድስት ክብ ምልክቶች ተደርድረዋል። ምልክቶቹን ያሳረፉት ስድስት ባልዲዎች የሉም። በባልዲዎቹ ውስጥ የነበሩት የብርቱካን ችግኞችም የሉም።

"አያ አስፋው!" ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "አያ አስፋው፣ ቶሎ ይምጡ!"

የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ አቶ አስፋው ከፊት በር እየሮጡ መጡ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ አፈሩን አዩ፣ ሊዲያን አዩ፣ ከዚያ ልቅሶ ቤት የገቡ ይመስል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ ግንቦት ውስጥ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት።

መርሳ ውስጥ ስለ እነዚያ ችግኞች ያልሰማ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግራና ከተማ አካባቢ የአትክልት ቦታዎች ላይ በሽታ ገብቶ ብርቱካኑን ከነሥሩ አድርቆት ነበር። ሊዲያ ያኔ አዲስ ባለሙያ ናት። ከሞቱት ዛፎች መካከል አንዲት ያልሞተች አገኘች፤ ከእሷ ቅርንጫፍ ወስዳ ስድስት ችግኝ አዳቀለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ልጅ ጠበቀቻቸው። አንዱም አልታመመም። ያቺ ዛፍ አምና በጎርፍ ስለተወሰደች የቀሩት ስድስቱ ብቻ ነበሩ። ክረምት ሲገባ ከእነሱ እየተቆረጠ ለሦስት መቶ ገበሬዎች ሊዳቀል ነበር። የገበሬዎቹ ስም ዝርዝር ቢሮው በር ላይ ከተለጠፈ ወር አልፎታል፤ አንዳንዱ ገበሬ ጉድጓዱን ቆፍሮ ጨርሷል።

ኢንስፔክተር ውባለም ከወልድያ ስትደርስ ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ቀስ ብላ የምትጠይቅ፣ በሥራዋም በኑሮዋም ብዙ የማታማርር ሴት ናት። አብሯት ሳጅን ደምሴ መጥቷል። ደምሴ በዕድሜ አጎቷ ይሆናል። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በደሴና በወልድያ መካከል የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል።

ጥላ ቤቱ ሁለት በር አለው። የፊተኛው ወደ ቢሮውና ወደ ዘበኛው ቤት ያወጣል፤ የኋለኛው ወደ መስኖው ቦይ። የኋለኛው በር ጓጉንቸር አልተሰበረም። በቁልፍ ተከፍቶ በቁልፍ ተዘግቷል። ከበሩ ውጭ ለስላሳው አፈር ላይ የጎማ ዱካ አለ።

"ፒካፕ ነው" አለ ደምሴ ጎንበስ ብሎ እያየ። "በኋሊት ተጠግቶ ጭኖ ሄዷል።"

ውባለም ወደ ሊዲያ ዞረች። "የዚህ ቁልፍ በማን እጅ ነው?"

"ሦስት ቁልፍ ነው ያለው። አንዱ የኔ ነው፤ ዘበኛ ቤት ምስማር ላይ ነው የምሰቅለው። አንዱ ሐራ ያለው ዛኪር ጋ ነው፤ ችግኝ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ሦስተኛው ወልድያ፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ያሬድ ዘንድ።"

"ችግኞቹን መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?"

"ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ውኃ አጠጣኋቸው። ከዚያ ስብሰባ ገባን። ከሦስት እስከ አራት ተኩል።"

"የት ነው የተሰበሰባችሁት?"

ሊዲያ ኮምፒውተሯን ከፈተችላት። አራት የተሳሉ ሰዎች አንድ የተሳለ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ቁርጥ ሊዲያን ትመስላለች።

"አምሳያ እንላቸዋለን" አለች። "ቪዲዮ በዚህ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ሥዕሉ ግን ቀላል ነው። ካሜራው ፊቴን ያያል፤ አንገቴን ሳዞር አምሳያዬም ታዞራለች፣ ስናገር አፏ ይንቀሳቀሳል። ከኋላ የሚታየው ቢሮ ሥዕል ነው። የምንሰማውም የተናጋሪውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ሌላውን ጫጫታ ያጠፋዋል።"

"ዘበኛውም ይሰበሰባሉ?"

"ከዚህ ወር ጀምሮ እሳቸውም ይግቡ ብለው አቶ ያሬድ አዘዙ። ታብሌት ተሰጣቸው።"

"ዛሬ ከስብሰባው የቀረ አለ?"

"ማንም አልቀረም። አራታችንም ነበርን።"

አቶ አስፋው ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው ጠበቋት።

"እንዴት ዋሉ፣ አያ አስፋው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምን መዋል አለ፣ ልጄ።"

"ወደ ኋለኛው በር በየስንት ሰዓቱ ነው የሚዞሩት?"

"በየግማሽ ሰዓቱ።"

"ዛሬስ?"

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። "ዛሬ አልዞርኩም። ከስብሰባ ተነሥቶ መሄድ ነውር መሰለኝ።"

"ሙሉውን ጊዜ ሲናገሩ ነበር?"

"ኧረ እኔ ምን አውቄ! አሥር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረውን ሳዳምጥ ነበር።"

ውባለም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። አሥራ ሁለት ደቂቃ ተናግረዋል፤ በቀረው ጊዜ አምሳያቸውን ትተው የት እንደነበሩ የሚያውቅ የለም። የሊዲያ ቁልፍ ደግሞ ከወንበራቸው አንድ ክንድ ብቻ ይርቃል።

ከቦዩ ማዶ ሽንኩርት ሲኮተኩት የነበረ ሰው ነገሩን አባሰው። ሦስት ተኩል አልፎ አንድ ነጭ ፒካፕ በቦዩ ዳር ሲያልፍ አይቷል። "የማን እንደሆነ ልብ አላልኩም። ያው የአያ አስፋው አማች ነጭ ፒካፕ አለው፣ እሱ ይመስለኛል" አለ።

አሥር ሰዓት ላይ ውባለም አቶ አስፋውን ይዛ ወደ መርሳ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ጎረቤቱ በየበሩ ወጥቶ ያይ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርሃኔ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተሉ። አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ኢንስፔክተሯን ዝም ብለው አዩዋት።

በማግስቱ ረቡዕ አማቹ አቤል በራሱ እግር ጣቢያ መጣ። ማክሰኞ ጠዋቱን ሙሉ ግራና ገበያ ሽንኩርት ሲጭን ነው የዋለው። ያጫነው ሰው፣ የገዛው ሰው፣ አጠገቡ የቆመው ሹፌር፣ ሁሉም መሰከሩለት።

"አባባን ፍቺያቸዋ እንግዲህ" አለ አቤል።

"መኪናው ያንተ አይደለም ማለት ቁልፉን ሌላ ሰው አልተቀበላቸውም ማለት አይደለም" አለች ውባለም። ትክክል መስሏት ነበር።

ከዚያ ወደ ወልድያ ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁ ያሬድ ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። አርባውን ያለፈ፣ ሸሚዙ የጠራ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነው። ሻይ አስመጣላት።

"እኔን ያሳዘነኝ ሊዲያ ናት" አለ። "የሦስት ዓመት ልፋት! አያ አስፋውም ሽማግሌ ናቸው፤ ጥፋት ቢገኝባቸው እንኳ ጠንከር አትበሉባቸው።"

"ማክሰኞ ከሦስት እስከ አራት ተኩል የት ነበሩ?"

ያሬድ ፈገግ አለ። "ሁሉም ሰው ፊት። ስብሰባውን የመራሁት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ ስመልስ፣ ስጠይቃቸው ሲመልሱልኝ ነበር።" መሳቢያውን ከፈተና ትንሽ ፍላሽ አቀበላት። "ቅጂው ይኸው። ሙሉው ነው። ከጠቀማችሁ ዛኪርን ልብ ብላችሁ እዩት። አንድ ቃል አልተነፈሰም።"

እውነቱን ነበር። ውባለምና ደምሴ ቅጂውን ላፕቶፕ ላይ ከፍተው እያሳለፉ ሲያዩት የዛኪር አምሳያ ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ ዓይኑን ያርገበግባል እንጂ አፉን አይከፍትም። ቀሪውን ሳያዩ ተነሥተው ወደ ሐራ ነዱ።

ዛኪር ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር። ፖሊሶቹን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"አውቄዋለሁ" አለ። "አወቃችሁብኝ አይደል?"

"ምኑን?"

"አለመኖሬን።" አንገቱን ደፋ። "ሦስት ሰዓት ላይ ገብቼ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ወጣሁ። አምሳያው ብቻውን ሲነቀንቅ ይውላል። ባለቤቴን ምጥ ያዛት፤ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ፈቃድ ብጠይቅ 'ሰው ከስብሰባ አይቀርም' ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።"

"ቁልፉስ?"

ዛኪር ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት። ከውስጥ የጨቅላ ልቅሶ ተሰማ። ደምሴ ኮፍያውን አነሣ።

"ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት ናት፣ አልሐምዱሊላህ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መጣች።"

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለች ውባለም ወደ ውስጥ። ተኝታ የነበረችው ባለቤቱ ቶይባ በደከመ ድምፅ "አሚን፣ ኑ ግቡ እንጂ" አለች። ገንፎ ሳይቀምሱ አልወጡም። ውባለም በጤና ጣቢያው በኩል አልፋ አዋላጇን ጠየቀች፤ ዛኪር ጠዋቱን ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰም ነበር።

"ያሬድም ዛኪርም ከዝርዝሩ ወጡ" አለ ደምሴ መሪውን እየያዘ። "የቀሩት ሽማግሌው ናቸው።"

"ሊዲያም አለች።"

"የራሷን ልጅ ማን ይሰርቃል?"

ወይዘሮ ብርሃኔ ያዩዋት አስተያየት ከውባለም ዓይን አልጠፋም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቅጂውን እንደገና ከፈተችው፤ አሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልታየው። ደምሴ አጠገቧ ተቀመጠ። ያሬድ ስብሰባውን ከፈተ፣ ስለ ክረምቱ ዕቅድ ተናገረ፣ ሊዲያን ጠየቀ። አሰልቺ ነበር። ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ውባለም ቀና ብላ ደምሴን አየችው። ሁለት እጁን ፊት ለፊቱ ዘርግቷል፤ ትከሻው ወዲያና ወዲህ ያዘነብላል።

"ጋሽ ደምሴ፣ ምን ሆኑ?"

ደምሴ ደነገጠ፤ እጁን አወረደ። "እንጃ። ሰውነቴ በራሱ ነው የሄደው።" ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። "የዚህን የያሬድን አንገት እይው እስቲ። ያዘነብላል። አሁን ደግሞ ወደ ላይ በጎን አየ። ስፖኪዮ ነው የሚያየው፣ ውብዬ! አሁን ደግሞ ዘለል አለ። ጉብታ ነው። ይሄ ሰውዬ እየነዳ ነው!"

"ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ?"

"ቢሮው ሥዕል ነው አላለችሽም ልጅቷ?"

ውባለም ቅጂውን ወደ ኋላ መልሳ አስጀመረችው። ደምሴ ግን ግንባሩን አኮማተረ። "መንገዱን አላውቀውም። የማውቀው ይመስለኛል፤ ግን ሁሉም ግልብጥ ነው። ቀኝ መሆን ያለበት ግራ ነው።"

ሊዲያ ጋ ደወለች። "አዎ፣ አምሳያው እንደ መስተዋት ነው" አለች ሊዲያ። "ወደ ቀኜ ሳዘነብል እሷ ወደ ግራዋ ነው።"

ደምሴ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መስተዋት አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ላፕቶፑን ወደ መስተዋቱ አዞሩት፤ ሁለቱም በመስተዋቱ ውስጥ ማየት ጀመሩ።

"ይኸውልሽ!" አለ ደምሴ፤ ድምፁ የልጅ ሆነ። "ከወልድያ ሲወጣ ነው ይሄ። አሁን ቀጥ ያለው ነው። ጠብቂ፣ ከሲሪንቃ በፊት ሁለት ኩርባ አለች። ግራ... ቀኝ። አላልኩሽም? ይቺን ኩርባ ተኝቼም እነዳታለሁ። ወደ መርሳ እየወረደ ነው።"

ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ላይ የያሬድ ራስ መዘንበሉን አቆመ። መነቅነቅ ጀመረ፤ ዝግ ብሎ፣ እኩል እኩል። ልክ እንደ ዛኪር አምሳያ።

"ፊት ሲያጣ በራሱ ይነቀንቃል" አለች ሊዲያ ያዩትን ሲነግሯት፤ ስልኩ አልተዘጋም ነበር። "ሰው ከካሜራው ሲርቅ ነው።"

ውባለም ያሬድ ከዚያ አንዲት ደቂቃ አስቀድሞ የተናገረውን መልሳ አሰማቻቸው። "አያ አስፋው፣ ዛሬ እርስዎ ስለ ጥበቃው ዘርዘር አድርገው ሪፖርት ያቅርቡልን። ሊዲያ፣ አንድም ሳይቀርሽ ጻፊው።"

"ሪፖርት ጠይቀዋቸው አያውቁም" አለች ሊዲያ፤ ድምፅዋ ቀዘቀዘ። "ተንቀጠቀጡ እኮ። አያ አስፋው እዚያ ሲናገሩ፣ እኔ እዚህ ስጽፍ..."

"እሱ ከኋላችሁ ይጭን ነበር" አለች ውባለም።

አርባ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ያሬድ "በጣም እናመሰግናለን" ሲል ተሰማ። ራሱ እንደገና ማዘንበል ጀመረ።

ውባለም ከወንበሯ ተነሣች። "አያ አስፋው አሁኑኑ ይፈቱ። መኪና ቤታቸው ድረስ ያድርሳቸው። እኔ ራሴ ኋላ እሄዳለሁ በሏቸው።" ከዚያ ወደ ደምሴ ዞረች። "ጋሽ ደምሴ፣ ከመርሳ ወዴት ነው የሄደው?"

ደምሴ መስተዋቱ ላይ አፍጥጦ ቆየ። "ወደ ወልድያ አልተመለሰም። ወደ ውርጌሳ ነው።"

ቀትር ላይ ከመርሳ ተነሡ። ደምሴ ይነዳል፣ ውባለም ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ መስተዋቱን በአንድ እጇ ይዛለች።

"ቀኝ" ትላለች።

"ቀኝ" ይላል ደምሴ፣ መንገዱም ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

"ጉብታ።"

መኪናው ዘለለ። ሁለቱም ሳቁ። ደምሴ ሲፈጥን ቅጂውን ታሳልፋለች፣ ሲዘገይ ታቆመዋለች። እንዲህ እያሉ ውርጌሳ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው ውባለም "ግራ! በጣም ግራ!" አለች።

"ግራ የለም እኮ። አስፋልቱ ቀጥ ያለ ነው።"

"አምሳያው ግን ወደ ግራ ታጥፏል። ከዚያ እየዘለለ ነው፣ ሳያቋርጥ።"

ደምሴ ፍሬን ያዘ። ከኋላቸው ሃያ ሜትር ላይ፣ በቁልቋል መካከል አንዲት የኮረት መንገድ ወደ ግራ ትገባ ነበር። ተመልሰው ገቡባት። መንገዷ አዲስ ሽቦ የታጠረ ሰፊ እርሻ ደጃፍ ላይ አለቀች። አንዲት ወጣት ሴት የመስኖ ጎማ ይዛ ወጣች።

"ስምሽ ማነው፣ እኅቴ?"

"ቤተልሔም። እዚህ ጠባቂ ነኝ።"

"ማክሰኞ ችግኝ ያመጣ ሰው ነበር?"

"አዎ፣ አቶ ያሬድ ናቸው፤ በነጩ ፒካፓቸው አመጡ። የእርሻው ባለቤት እሳቸው አይደሉ?" አለች ምንም ሳትጠራጠር። "ፀሐይ እንዳይነካቸው ብለውኝ ዋንዛው ሥር አስቀመጥኳቸው። ጠዋትና ማታ አጠጣቸዋለሁ።"

ስድስቱም ዋንዛው ጥላ ሥር ነበሩ። አንዲት ቅጠል አልረገፈችም። ደምሴ አንዱን ባልዲ ዳበስ አድርጎ "ተመስገን" አለ።

ያሬድ መጀመሪያ የሰማውን አላመነም። "ስብሰባ ላይ ነበርኩ" አለ። "ሁሉም አይተውኛል።"

ውባለም ላፕቶፑንና መስተዋቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ራሱ በየኩርባው ሲያዘነብል አየ። ሲሪንቃ ላይ ሲደርስ ዓይኑን አነሣ።

"ካሜራውን ለምን አልዘጉትም?" አለች።

"ከዘጋሁት ስሜ ቀይ ሆኖ ለሁሉም ይታያል። ካሜራ እንዳይዘጋ ብዬ ያዘዝኩት እኔው ነኝ።" ረጅም ትንፋሽ አወጣ። "ሰባት ዓመት ሰው ሲያበቅል ቁጭ ብዬ ሪፖርት ስጽፍ ኖርኩ። ያ ብርቱካን ከኔ እርሻ ብቻ ቢወጣ ስሜ ይነሣ ነበር። ሦስት መቶ ሰው ዘንድ ከገባ በኋላ ግን የማንም ነው።"

"የታሰበውም ለዚያ ነበር" አለች ውባለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደንብ ልብሷን ለብሳ መርሳ ሄደች። ደምሴ ችግኞቹ መመለሳቸው ይበቃል ብሏት ነበር። እሷ ግን አቶ አስፋው የተወሰዱት ሰው እያየ መሆኑን አልረሳችም። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ የሚሆንበትን ሰዓት መረጠች።

አቶ አስፋው ግቢያቸው ውስጥ የአጥር እንጨት ይጠርቡ ነበር። ወይዘሮ ብርሃኔ ጓሮ ጎመን ይቀጥፋሉ። ጎረቤቶች አንድ ሁለት እያሉ አጥሩ ላይ ተሰበሰቡ። ውባለም መሐል ግቢው ላይ ቆመች፤ ድምፅዋን አልቀነሰችም።

"አያ አስፋው፣ ያለ ጥፋትዎ ሁለት ሌሊት አሳስሬዎታለሁ። እርስዎ የሰረቁት ነገር የለም፤ ሌባው ተይዟል። እርስዎን የያዝኩት ሌላ ሰው ስላልታየኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።"

አቶ አስፋው መጥረቢያቸውን አስቀመጡ።

"አልተቀየምኩም ብልሽ ዋሸሁ" አሉ። "ተቀይሜያለሁ። በኔ ዕድሜ ሰው እያየው መነዳት ከባድ ነው፣ ልጄ። ልጆቼም አለቀሱ።" አጥሩ ላይ የቆሙትን አዩ። "ግን ፖሊስ ሲያስር እንጂ ቤት ድረስ መጥቶ 'አጠፋሁ' ሲል አይቼ አላውቅም። እናንተስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

"ኧረ አናውቅም" አለ አንዱ ከአጥሩ ላይ።

"እንግዲያው ይቅር ብያለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበለን።"

"አሜን" አለ ጎረቤቱ።

ውባለም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት። ልትሄድ ዞር ስትል ከኋላዋ እንጨት ሲጎተት ሰማች። ወይዘሮ ብርሃኔ ናቸው። ጎመናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ አንዲት በርጩማ እስከ ጥላው ድረስ እየጎተቱ ያመጣሉ። ከማክሰኞ ጀምሮ ለእሷ አንድ ቃል ያልተነፈሱት ሴትዮ በርጩማዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ፊቷ አስቀመጡላት።

"ቁጭ በይ እንጂ" አሉ። "ከወልድያ ድረስ መጥተሽ ቆመሽ ልትሄጂ ነው?"

ውባለም ኮፍያዋን አውልቃ ተቀመጠች።